በወረቀት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ

ተጠራጣሪ ሴት ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ያን ቅዳሜና እሁድ ያደረግሁትን ስታነቡ «ምን ነክቷት ነው?» ትላላችሁ። የምሠራበት ሪከንባከር የሚባል የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስንለይ ሁለት ሰዎች ከተሳሳቁ በእኔ ነው የሚስቁት እላለሁ። ሰው ቤቱ ከጠራኝ ምን ፈልጎ ይሆን ብዬ ሳብላላ አድራለሁ። ስልኬ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ያ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አይወጣም። ልጄ ማህሌት «ማሚ፣ ኖባዲ ኬርስ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷ ምን ታውቃለች? እኔ የምደብቀው ነገር ነበረኝ።

የምደብቀው ዕድሜዬን ነው። ሴት ዕድሜዋን ብትደብቅ ምን ይገርማል እንዳትሉ፤ የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ይቀንሳል፣ እኔ ስምንት ዓመት ጨምሬ ነበር የምኖረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። አዲስ አበባ ዲቪ የሚሞላልኝ ሰውዬ ልደቴን ሲጠይቀኝ «ጥር አሥራ ሁለት፣ ሰባ» አልኩት። እሱም ዐይኑ ከኋላዬ ባለው ሰልፍ ላይ እንደተተከለ «ጃንዋሪ 12፣ 1970» ብሎ ሞላው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር እንዳለበት ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። ዕጣው ወጣልኝ። ደስታው በረድ ሲልልኝ ስህተቱን አየሁትና ሰውዬው ዘንድ ሮጥኩ። «እንዳትነኪው!» አለኝ፣ «ከነካሽው ይሰርዙሻል። ፓስፖርቱንም በዚሁ አውጪው።» አወጣሁት። መሳሳቱ የእሱ ነበር፤ በስህተቱ መኖሩ ግን የእኔ ነው። ማህሌትን ይዤ ኮሎምበስ የገባሁት ከራሴ በስምንት ዓመት አርጅቼ ነው።

ለብዙ ጊዜ ይህ ነገር ማንንም አልነካም። ካርቶን ለማንሳት ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ሲመጣ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው። ከሰፈራችን ከሂልቶፕ አምስት ሆነን በአንድ መኪና ነበር ሥራ የምንሄደው። ሰው ሁሉ ሲፈራራ መኪናዋ ያላት ልጅ «እህቴ፣ ሶሪ፣ ካሁን በኋላ ራይድ መስጠት አልችልም» አለችኝ። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ለሽያጭ የቆመች ብስክሌት አየሁና ገዛኋት። ልጅ ሳለሁ የአጎቴን ብስክሌት እየሰረቅሁ እነዳ ስለነበር ሚዛኑ አልጠፋኝም።

ብስክሌቷን ያስተካከሉልኝ ጋሼ መርዕድ ናቸው። ከእኛ ቤት ሦስት መንገድ አልፎ ይኖራሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጋራዣቸውን ከፍተው የሰፈሩን ብስክሌት ይጠግናሉ። በዓለም ላይ እንደሳቸው ሰው የሚያምን አላየሁም። የጋራዡን በር ክፍት ትተው ገበያ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከኋላዬ ሆነው ስነዳ አዩኝና «ዘኒ፣ አንቺ እግር አለሽ» አሉኝ። ስሜ ዘነበች ነው፤ ዘኒ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በዓመቱ ካልተወዳደርሽ ብለው ወጥረው ያዙኝ። «እዚህ አገር በዕድሜ በዕድሜ ነው የሚወዳደሩት። ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ነገርኳቸው፤ ሃምሳ አንድ። «አይመስልሽም!» አሉና ከሃምሳ በላይ ካሉት ሴቶች ጋር አስመዘገቡኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ በእውነቱ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አብረን ስንነዳ «ጋሼ፣ እኔና ወረቀቴ አንስማማም» ብያቸው ሳቅ ብለዋል። ያቺን ሳቅ «ገብቶኛል» ብዬ ተረጎምኳትና ምስጢሬን ያውቃሉ ብዬ ተቀመጥኩ።

በ2022 ክረምት አራት ጊዜ አሸንፌ ነበር። አራቱንም ጊዜ ሁለተኛ የወጣችው ጃኔት ትባላለች፤ ዎርዝንግተን የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች ነርስ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «በሃምሳ ዓመቷ ጀምራ ፈረንጆቹን ጉድ የምትሠራው» እያሉ ይጠቁሙኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ውዳሴውን እጠጣዋለሁ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ የዜግነት ኢንተርቪው ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ነው ጥርጣሬዬ የባሰበት። አንድ ሰው «ይህቺ ሴትዮ ዕድሜዋ ውሸት ነው» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ እኔና ማህሌት በሻንጣችን እንመለሳለን ብዬ አመንኩ።

ያ ቅዳሜ ኢንተርቪው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። የሁለት ቀን ውድድር ነው፤ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ በበቆሎ እርሻዎች መሀል፣ እሁድ ደግሞ ከተማ ውስጥ ዙሪያ መንገድ ላይ። ጋሼ በቫናቸው ወሰዱኝ። ሰውነቴን ሳፍታታ ቆይቼ ቀና ስል ጋሼን ከዋናው ዳኛ ጋር አየኋቸው። ዳኛው ነጭ ጺም ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጋሼ አንድ ወረቀት ይዘው በጣታቸው እያሳዩት ያወራሉ። ወደነሱ ስሄድ ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ምንም። አንቺ ውድድርሽን አስቢ» አሉኝ። ዐይናቸውን ግን ሸሸት አደረጉ። እሳቸው እኮ ዐይን አይሸሹም። ያኔውኑ ጠረጠርኳቸው።

ውድድሩን እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። በንዴት ነው የነዳሁት። የመጨረሻው አቀበት ላይ ጃኔት ጎኔ ነበረች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ተነስቼ ረገጥኩና ጥያት ሄድኩ። የመጨረሻውን መስመር አልፌ ውኃ እየጠጣሁ ሳለ ዳኛው መጣ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፣ «ነገ ጠዋት ከመነሻው በፊት ጠረጴዛዬ ጋ ብቅ በይ። መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ። የልደት ቀንሽ ላይ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።»

«ምን ጥያቄ?» ልለው ስል ሌላ ሰው ጠርቶት ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ በቫኑ ውስጥ ጋሼ እንደወትሯቸው የመንገዱን፣ የነፋሱን፣ የእግሬን ነገር እያነሱ ይደሰታሉ። «የመጨረሻዋን አቀበት እንዴት አድርገሽ በላሻት!» ይላሉ። እኔ በልቤ፣ እዩልኝ እንዴት እንደሚያስመስሉ፣ እላለሁ። ጃኔትንም ጠረጠርኩ፤ ዛሬ ሲያጨበጭቡልኝ እጇን አዘግይታለች። ራይድ የከለከለችኝንም ልጅ ጠረጠርኩ። በየመንገዱ የቆመ ሰው ሁሉ ስለ እኔ የጻፈ መሰለኝ። ዞሬ ዞሬ ግን እዚያ የታጠፈ ወረቀት ላይ እመለሳለሁ።

ቤት እንደገባሁ ማህሌትን ያዝኳት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳ ላይ ነበረች።

«ዕድሜዬን ለሰው ተናግረሻል?»

«ኖ!»

«ለትምህርት ቤት ጓደኞችሽ? ለቤተ ክርስቲያን ልጆች?»

«ማሚ፣ ኖ! ዋይ ውድ አይ ቶክ አባውት ዩር ኤጅ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዕድሜዬ ለማን ወሬ ይሆናል?

ስለዚህ ጋሼ ናቸው አልኩ። ሌላ የሚያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወደ ቤታቸው ገሰገስኩ። ጋራዣቸው እንደተለመደው ክፍት ነው። የራሳቸውን አሮጌ ብስክሌት ገልብጠው ሰንሰለቷን ዘይት ይቀባሉ።

«ነይ ግቢ ዘኒ፣ አላረፍሽም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

ቀና አሉ። «ምን ሆነሻል?»

«ጠዋት ከዳኛው ጋር ምን ነበር የሚያወሩት? ያ ወረቀት ምንድን ነው?»

ደነገጥ አሉ። ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ «እሱን ነገ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ።

ያቺ ፈገግታ ናት ደሜን ያፈላችው። «ደረስኩበት እኮ! መታወቂያሽን ይዘሽ ቅረቢ ተብያለሁ። ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ! እኔን ይጥሉኝ፣ ግድ የለም፤ ልጄ ምን አደረገችዎት? አርባ አራት ዓመቴ መሆኑን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል?»

እጃቸው ሰንሰለቱ ላይ ቀረ።

«ስንት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ።»

«ስንት ዓመቴ ነው ነው ያልሽው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ቃሌን መልሼ ለመዋጥ የፈለግሁበት ጊዜ የለም። ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። አያውቁም ነበር። ያቺ የቀድሞዋ ሳቅ እንዲያው ሳቅ ብቻ ነበረች። ልከሳቸው መጥቼ ራሴን ከሰስኩ።

ቁጭ አሉ። እጃቸውን በጨርቅ በቀስታ ጠራረጉና ከኪሳቸው ያንን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የምዝገባ ወረቀት ነው። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ወንዶች፣ እሁድ ጠዋት። ስማቸው ተጽፎበታል።

«ላስደንቅሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» አሉኝ። «እሷ በሃምሳ ዓመቷ ከጀመረች እኔ ምን ያንሰኛል አልኩ። ሐኪሜ እምቢ ሲለኝ እንኳ ያሳመንኩት ያንቺን እየነገርኩ ነው። ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ ሃምሳ ዓመቷ ነው እያልኩ...» አልጨረሱትም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንዴት እንደመጣ ልንገርዎት፣ የዲቪው ሰውዬ...»

«ሂጂ ዘኒ። ሂጂ እረፊ። ነገ ውድድር አለሽ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወጣሁ። ከኋላዬ የጋራዡ በር ሲወርድ ሰማሁ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጋሼ በር ሲዘጉ ያን ቀን ነው ያየሁት።

እሁድ ጠዋት ቫን አልመጣም። ደውዬም አልጠየቅሁም፤ በምን አፌ? መታወቂያዬን ይዤ ብሮድ ስትሪትን በብስክሌት ወርጄ ከተማ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የምዋሸውን ውሸት እለማመድ ነበር። ማን እንደነገራቸው አላወቅኩም፤ ቢሆንም መታወቂያዬ 1970 ይላል፣ በቃ። እሱን ይዤ ልሙት።

ጠረጴዛው ላይ የተወዳዳሪዎች ቁጥር በፖስታ በፖስታ ተደርድሯል። የስልሳ አምስቶቹ ወንዶች ሊነሱ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ሁሉም ቁጥራቸውን ወስደዋል። አንድ ፖስታ ብቻ ቀርቷል። አነበብኩት፤ የጋሼ ነው።

ዳኛው ሁለት ወረቀት አወጣ። «ትንሽ ነገር ነው» አለኝ። «የአደጋ ጊዜ ካርድሽ ላይ የተወለድሽው 1978 ይላል። የመወዳደሪያ ፈቃድሽ ላይ 1970። ብትወድቂ ሐኪም ቤት ትክክለኛውን መስጠት ስላለብን ነው። የቱ ነው ልክ?»

የአደጋ ጊዜ ካርድ! ሐሙስ ዕለት ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ስልኩን ለማህሌት ወርውሬ «ይህችን ሙይልኝ» ብያታለሁ። ስልክ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የልደት ቀን። የእናቷን ልደት በየዓመቱ ሻማ ቆጥራ የምታበራ ልጅ ምን ብላ ትሙላ? ለማንም አልተናገረችም፤ የምታውቀውን እውነት ጻፈች። ማንም አልከሰሰኝም። ማንም ስለ እኔ አንድ ቃል አልጻፈም።

ዳኛው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። «ሰባ» ብል 1978ን ሰርዞ ያበቃል። አንዲት ቃል ናት። መታወቂያዬ እጄ ላይ ነው፣ ኢንተርቪው ደርሷል፣ ልጄ ቤት ተኝታለች። አፌን ከፈትኩ። ከወዲያ የስልሳ አምስቶቹ ወንዶች መነሻ ፊሽካ ተነፋ፣ ሰው አጨበጨበ፣ የጋሼ ፖስታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ሰባ ስምንት» አልኩት። «ካርዱ ነው ልክ። ፈቃዱም፣ መታወቂያውም፣ ፓስፖርቱም ስህተት ናቸው።»

ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኩት። አገራችን ዓመቱ ከእናንተ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው ስለው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። በመጨረሻ ጺሙን እያሻሸ «እኔ መታወቂያ ነው የማየው» አለኝ። «በመታወቂያሽ ሃምሳ ሁለት ነሽ። ሌላ ሰነድ ስታመጪ ያሸነፍሽባቸውን ውጤቶች እናያለን። ዛሬ ግን ከፈለግሽ ከአርባዎቹ ጋር መነሳት ትችያለሽ። ትልቁ ከትንሹ ጋር መወዳደር ይችላል፤ የሚከለከለው ተቃራኒው ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሕግ ጠይቄ አላውቅም። ማንም ሳያውቅብኝ፣ ወረቀቴንም ሳልነካ፣ በእውነተኛው ዕድሜዬ መወዳደር እችል ነበር። አልጠየቅሁም፤ ማሸነፍ ጥሞኝ ነበራ።

ጃኔትን ፈልጌ ነገርኳት። ታቅፈኛለች፣ ግድ የለም ትለኛለች ብዬ ከነበረ ሞኝ ነበርኩ። የራስ ቁሯን ማሰሪያ ስትፈታና ስታስር ቆየች። «አራት ጊዜ ቤቴ ገብቼ ለባሌ አረጀሁ፣ በቃኝ ብየዋለሁ» አለችኝ። ብስክሌቷን ይዛ ወደ መነሻው ሄደች። ያን ቀን አሸነፈች።

እኔ ከአርባዎቹ ጋር ተነሳሁ። በሦስተኛው ዙር ጥለውኝ ሄዱ። ብቻዬን እያለከለክሁ ስዞር በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰውዬ ወረቀቱን አንብቦ ኖሮ «ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው! ከአርባዎቹ ጋር! አጨብጭቡላት!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አራት ጊዜ ሳሸንፍ እንደዚያ አልተጨበጨበልኝም። እንባዬ ከላቤ ጋር ወረደ፤ እነሱም በኩራት ያለቀስኩ መሰላቸው። ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። «ሳይጠይቁሽ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ከአዲስ አበባ የጥምቀት የምስክር ወረቀቴ ተፈልጎ መጣ፤ ተተረጎመ። ኢንተርቪው ላይ መኮንኑ ገና ሲያስቀምጠኝ ነገርኩት። ጉዳዩ ተጓተተ፣ ወራት ፈጀ፣ እኔም ከሳሁ። በመጨረሻ ግን ልደቴ ተስተካክሎ ዜግነቴን አገኘሁ። ለዓመታት የፈራሁት ነገር እኔን ለማባረር የሚጠብቅ አውሬ አልነበረም፤ በትዕግሥት የሚያልፍ የወረቀት ጉዳይ ነበር። ሰነዱን ለዳኛውም ወሰድኩለት፤ አራቱ ውጤቶች ተሰርዘው ለጃኔት ተሰጡ።

አሁን ሰው ሲሳሳቅ ባይ ስለ እኔ አይመስለኝም። ስልክ ሲቋረጥ መልሼ አልደውልም፣ እተኛለሁ። ከአርባዎቹ ጋር እወዳደራለሁ፤ አንዴ አምስተኛ ወጥቻለሁ፣ ከዚያ የተሻለ የለኝም። እንቅልፌን በዋጋ አልለውጠውም። ሰው የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ ከመናገራችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ሌሊት እደሩበት። እኔ ባድርበት ኖሮ ጠዋት እውነቱን እሰማ ነበር፤ ጋሼም ያን እሁድ ይወዳደሩ ነበር።

ጋሼ ይቅር ብለውኛል። በሽማግሌ አይደለም፣ በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ «ያለፈ አለፈ» ብለው አስገቡኝ። ውድድሩን ግን ዳግም አላነሱትም፤ እኔም ደፍሬ አላነሳሁባቸውም። ዛሬም ብስክሌቴን የሚያስተካክሉልኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዣቸው ቁጭ ብዬ ወደ ውጭ እያየሁ «ጋሼ፣ ዝናብ ጀመረ፤ ውጭ ያሉትን ብስክሌቶች እናስገባ» አልኳቸው። መፍቻቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ድሮ ቢሆን ቃሌ ይበቃቸው ነበር። ብስክሌቶቹን ከማስገባታቸው በፊት ግን በሩ ጋ ቆመው እጃቸውን ወደ ውጭ ዘረጉና ጠብታው መዳፋቸው ላይ እስኪወድቅ ጠበቁ።